ከቅርጫቱ ሥር የተነጠፈ ሳር

መጋቢት 4

የመጀመሪያው ጽሑፌ ወጣ! ከላይ «ከዳር መስመር» ይላል፣ ከሥሩ «በምኞት ጌታቸው»። ስልኬን ለአከራዬ ለወይዘሮ ዓለምጸሐይ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ስክሪኑ ሁለቴ ጠፋ። «ስምሽ ነው ልጄ? ጌታ ይባረክ» አሉና ወደ መዝሙር ልምምዳቸው ሄዱ። እሳቸው ቅርጫት ኳስን የሚያውቋት አጥር ዘላ ጎመናቸው ላይ ስትወድቅ ብቻ ነው።

ከተመረቅን በኋላ ጓደኞቼ ሁሉ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እኔ ደብረ ብርሃን አልመለስም ብዬ እዚሁ አርባ ምንጭ ቀረሁ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ምን አለሽ እዚያ?» ትለኛለች። አሁን መልስ አለኝ። ክለብ አለኝ። «ሁለት ሐይቅ» ዘንድሮ ሊጉን የተቀላቀለ አዲስ ክለብ ነው፤ የሚጫወተው ከምኖርበት ግቢ ጀርባ፣ ከሲቀላ ሰፈር ጫፍ ጫካው በሚጀምርበት፣ ዐምና በተሠራው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሜዳ ላይ ነው። ከአጥራችን ወዲያ ማለት ነው። የስፖርት ገጹ አዘጋጅ ጋሽ ጉግሳ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እስከ ግንቦት መጨረሻ እንይሽ። ሰው የሚያነበው ነገር ካመጣሽ ወንበርሽ እዚህ ዝግጁ ነው» ብሎኛል።

ሰው የሚያነበው ነገር። እሺ።

መጋቢት 9

አገኘሁት። ሰሊሆም ዳልጮ ይባላል፤ ከተራራው መንደር ከኦቾሎ የመጣ ልጅ ነው፤ ሊግ ሲጫወት የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። ከቁመቱ የተነሣ በር ሲገባ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። አፉ ግን ይቅርታ የሚባል አያውቅም።

ዛሬ ልምምድ ላይ አሮን፣ አምበሉ፣ ባዶውን የውሃ ላስቲክ ወረወረለትና «ጀማሪ ውሃ ያመጣል፤ ሕጉ ነው» አለው። ሰሊሆም ላስቲኩን መልሶ ወረወረለት። «ውሃው እግርህ ሥር አለ። ጎንበስ ብለህ ጠጣ።»

ሁሉም ሳቀ። አሮንም ሳቀ፤ ዐይኑ ግን አልሳቀም።

ኮች ክብሩን ስለ ልጁ ጠየቅሁት። «እሱም እንዳንቺ ነው፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሙከራ ላይ ነው። ከያዝነው ኮከብ ይሆናል። አፉ ካላስባረረው።» እንዳንቺ ያለው ደስ አላለኝም። ሆኖም ጻፍኩት።

መጋቢት 15

በሜዳችን ተሸነፍን። ነገሩ ሁሉ የሆነው በጫካው በኩል ባለው ቅርጫት ነው። አሮን ብቻውን እየሮጠ ሄዶ፣ ከቅርጫቱ ሥር ኳሷን ሲያነጥራት አልተመለሰችለትም። ጨርቅ እንደ መጣል። እጁ ባዶ አየር ላይ ቀረ። ሰዉ «ኧረ!» አለ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ሰሊሆምን እዚያው ቅርጫቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጫማውን አውልቆ መዳፉን ሲሚንቶው ላይ ዘርግቷል። ስልኬን መሃላችን አስቀምጬ ቀዳሁት። ያለው ይኸው ነው፤ ሙሉውን ለራሴ እጽፈዋለሁ፦

«ሜዳው ከሥሩ ይናገራል። ኳስ ስትመቺበት እዚህ ጋ ድምፁ ሌላ ነው። ምንጭ ነበር እዚህ፤ አክስቴ ከዚህ ቀድታለች። አፈር ሞልተው ነው ሲሚንቶ ያፈሰሱበት። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው መንገዱን ይፈልጋል። ከፍተው ይዩት፣ ሰው ሳይሰበር።»

ጋሽ ጉግሳ የሰጠኝ ቦታ ትንሽ ነው። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ወሰድኩ። ለራሷ ብቻዋን ስትቆም እንዴት ታምራለች! ርዕሱንም እሷው ወለደችልኝ፦ «ሜዳ የሚያናግረው ጀማሪ»። ትንሽ ቀለድኩበት፤ በጆሮው ኳስ የሚጫወት ልጅ አልኩት። የቀረውን የተውኩት ቦታ ስላልበቃ ነው። ስለ ፍሳሽና ስለ አፈር ማን ያነባል?

መጋቢት 18

ሁሉም ቦታ ደርሷል! ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ ለአንዲት ሴትዮ ሲያነብላት ሰማሁ። «የጻፈችው እኔ ነኝ» ልል ነበር፤ ወረዱ።

ጋሽ ጉግሳ ደወለ። «አንቺ ልጅ እጅሽ ይባረክ። ይሄን ጀማሪ አትልቀቂው። በየሳምንቱ!»

ከሥሩ የተጻፉት አስተያየቶች፦ ሟርተኛ። ጠንቋይ። ጆሮውን ይታከም።

መጋቢት 22

አሮን ከጨዋታው በፊት ጆሮውን ሲሚንቶው ላይ ለጥፎ ተኛ። «ዝም በሉ፣ ስልክ ላይ ነኝ!» አለ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። ሰሊሆም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። ኮች ክብሩ እስከ መጨረሻው አላስገባውም። አንዴ ወደ እኔ አየ። እጄን አነሣሁለት፣ ሰላም ለማለት።

መጋቢት 23

ንጋት ላይ በኳስ ድምፅ ነቃሁ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ከዚያ አራተኛው፦ ዱም። ባዶ እንስራ እንደ መምታት። ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ሦስት፣ እንደገና ዱም።

አጥሩ ሥር ያለችው ድንጋይ ላይ ቆሜ አሻግሬ አየሁ። ማንም የለም። የቅርጫቱ መረብ ብቻ ይወዛወዛል። ነፋስ ነው። (የማንጎው ቅጠል አልተንቀሳቀሰም።)

ሚያዝያ 1

ዝናቡ ገባ። ሙቀቱን ግን አላበረደውም፤ ከሜዳው በቀር። ከቅርጫቱ ሥር ስታልፊ እግርሽን የምድር ቤት ብርድ ይይዘዋል።

ዝንጀሮዎቹ እንደ ልማዳቸው ከጫካው ወጡ። ሜዳውን አቋርጠው ነበር ወደ ቆሻሻው በርሜል የሚሄዱት፤ አጭሩ መንገድ ያ ነው። ዛሬ በሰልፍ በዳር መስመሩ ዞሩ። አንዲት ግልገል መሃሉን ልትቆርጥ ስትል እናቷ ጭራዋን ይዛ መለሰቻት። ለሳምንቱ ጽሑፍ ጥሩ መግቢያ ይሆናል ብዬ ማስታወሻ ያዝኩ። በኋላ ሰረዝኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከሰሊሆም ጋር የቀዳሁትን በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። ከድምፁ ኋላ ሌላ ነገር አለ። ሰዎች በሚቀጥለው ክፍል ዝቅ አድርገው እንደሚያወሩ። ያኔ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። እሱ ዝም ሲል ከፍ ይላል፤ ሲናገር ይሸሻል። ስልክ ዝምታ ሲያገኝ ሩቁን ድምፅ ያጎላል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል።

አጠፋሁት።

ሚያዝያ 6

ከመተኛቴ በፊት ይህን በሥርዓት ልጽፈው።

የገጹ ቀጥታ ስርጭት ሊጀምር ነበር፤ ጨዋታውን በማይክ የማስተላልፈው እኔ ነኝ፤ እየሮጥኩ ነው። የሜዳው በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተንበርክከዋል፣ እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው። መሃል ያሉት የሰሊሆም አባት፣ ጋሽ ዳልጮ ናቸው፤ ሸማኔ ናቸው። ልጁ ቁመቱን ከማን እንደወሰደ ተንበርክከው እንኳ ይታወቃል። ለክለቡ መስሎኝ ነበር። ለእኔ ነው የመጡት።

«ሳሮ» አሉኝ፤ ሰላም ማለት ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «ልጄ፣ የኔ ልጅ የነገረህን ሁሉ ጻፍለት። ግማሹን ጻፍክ። ግማሹ አንተ ጋ ቀረ።»

እዚህ ከተማ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ የጋሞ ሽማግሌ ሳር ይዞ ሲንበረከክ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ዱላ ያነሣ ጎረምሳ እንኳ ዱላውን ይጥላል። ሳሩን አልፎ የሚሄድ ሰው የለም። ስልኬ ግን ይጮሃል፤ ጋሽ ጉግሳ ነው፤ «የት ገባሽ? ልንገባ ነው እኮ!»

«አባባ፣ በእናትዎ ይነሡ። ከጨዋታው በኋላ» አልኳቸው። አለፍኩ።

በጎን ነው ያለፍኩት። አልረገጥኩም።

ከጨዋታው በኋላ ወጣሁ። የሉም። ዝናብ ነበር፤ ማን ይጠብቃል?

ሚያዝያ 7

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ፦ «ምኞቴ፣ ትናንት በሩ ላይ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«እሺ።»

ራቴን ሰሃን ላይ አድርገው በሬ ላይ አስቀመጡልኝ። ሌላ ጊዜ «ነይ አብረን እንቁረስ» ነበር የሚሉት።

በጎን ነው ያለፍኩት።

ሚያዝያ 13

ተመልካቹ መሃል ስቀመጥ ግራና ቀኜ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። ሙቀት ነው፤ ሰው መጠጋጋት አይፈልግም። ከፊቴ ያለው ረድፍ ግን ተጠጋግቶ ነው የተቀመጠው።

ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሰላም ይሉኛል። ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ።

ሚያዝያ 17

ሰሊሆምን አሰናበቱት። ግንቦትን እንኳ ሳይጠብቁ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፋንታዬ፣ «ክለቡን ጥንቆላ ቤት አስመሰለው። ስፖንሰር የሚባል ነገር አለ እኮ!» አለኝ። ይህንኑ ጻፍኩ፤ ዜና ነው፤ ዜና እንዴት ይተዋል? ልጁ ላንቴ ወርዶ አጎቱ ጋ ሙዝ እየጫነ ነው አሉ።

ኮች ክብሩ በሩ ላይ አገኘኝ። «አንቺ ጥሩ ትጽፊያለሽ» አለኝ።

አመሰገንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ሚያዝያ 18

ጫማዬን ሳጥብ ሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ሳር ተጣብቆ አገኘሁ። የግቢያችን ይሆናል። (ግቢያችን ጎመንና ሲሚንቶ ነው።)

ሚያዝያ 25

ንጋት ላይ እንደገና ኳሱ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱም። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን አላቋረጠም። ዛሬ በአጥሩ በኩል ሳይሆን ዞሬ በበሩ ገባሁ። ዘበኛው ገና ጋቢውን ተከናንቧል፤ «ማን ገባ?» ስለው «ካንቺ በቀር ማንም» አለኝ።

ከጫካው በኩል ካለው ቅርጫት ሥር እርጥብ ሳር ክብ ሆኖ ተነጥፏል። አሁን የታጨደ፤ ሽታው ገና አለ። ጠል ላዩ ላይ አለ።

ተጫዋቾቹ ለልምምድ መጡ። የዚህ አገር ልጆች የሆኑት አንድ ቃል ሳይነጋገሩ በሌላው ቅርጫት መወርወር ጀመሩ። አሮን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ መሃሉ ገብቶ ቆመና «እንኳን ደስ አላችሁ፣ የሳር ሜዳ ሆነልን! ፉትቦል እንጀምር?» አለ። ማንም አልሳቀም። ትንሽ ቆሞ፣ እግሩን አራግፎ ወጣ።

ሚያዝያ 28

ክቡ ሰፍቷል። ትናንት የነበረው ደርቆ መሃል ቀርቷል፤ አዲሱ ከዳር ከዳር ነው። ጽዳት የሚሠሩት ሴቶች ዙሪያውን ይጠርጋሉ። የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸው እዚያ ከገባች በእንጨት ይስቧታል እንጂ አይገቡም።

ወይዘሮ ዓለምጸሐይን፣ «እናንተ በጌታ አይደላችሁ? በሳር ታምናላችሁ እንዴ?» አልኳቸው፤ ነገሩን ቀልድ ለማስመሰል።

ሽንኩርታቸውን እየከተፉ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ሳሩማ ሳር ነው ልጄ። ሳር ምንድን ነው? የተንበረከከው ሰው ነው ነገሩ።»

ደስ ባይለኝም ደጋግሜ አስበዋለሁ።

ግንቦት 2

አገኘሁት። ሰሊሆም ነው። ንጋት ላይ ቀድሜ ገብቼ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ጠበቅሁ። በጫካው በኩል ባለው የአጥር ቀዳዳ ገባ፤ በአንድ ክንዱ ሳር፣ በሌላው ያረጀች ኳስ። የሙዝ ሙጫ ልብሱን ሁሉ አጥቁሮታል። ኳሷን ያነጥራል፣ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ያነጥራል። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ይቆምና ሳር ያስቀምጣል።

ሲያየኝ አልደነገጠም። «መዳፍሽን አድርጊበት» አለኝ።

አደረግሁ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ከሥሩ የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ የተኛ ከብት ሆድ ላይ እጅሽን እንዳሳረፍሽ። ቶሎ አነሣሁት።

«ትናንትና እዚህ ድረስ ደህና ነበር» አለ፤ አንድ ክንድ ያህል ወዲህ ጠቆመኝ።

«ለምን ለአቶ ፋንታዬ አትነግረውም?»

«ነገርኩት። ለክብሩም ነገርኩ። ላንቺም ነገርኩ።» ኳሷን በእጁ አገላበጣት። «አሁን ምን ብናገር ሜዳ የሚያናግረው ነኝ። ሳሩ ግን አፍ አያስፈልገውም። የሰፈሩ ልጆች አይሻገሩትም።»

«ሙሉውን አወጣዋለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው ያልኩት።

«መቼ?»

«ግንቦት አሥራ ስድስት የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ነው። ጋሽ ጉግሳ ራሱ ይመጣል፣ ውሌን ይዞ። ልክ ከጨዋታው በኋላ …»

ሳቀ። ከመጋቢት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። «አባቴንም ከጨዋታው በኋላ ነው ያልሽው።»

ሲወጣ፣ «በየቀኑ ስትመጣ እንቅልፍ ነሣኸኝ እኮ» አልኩት፤ ነገሩን ለማለዘብ።

ዞር አለ። «በየቀኑ? ጭነት የሌለ ቀን ብቻ ነው የምመጣው። በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ነው።»

ግንቦት 4

ዛሬ ላንቴ ጭነት አለ። ጠይቄ አረጋገጥኩ።

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ዱም።

ግንቦት 9

ሁለቴ ጻፍኩት፣ ሁለቴ አጠፋሁት። መጀመሪያው ጥሩ ይሄዳል፤ «ቆርጬዋለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ጋሽ ጉግሳ ቢያየው «ራስሽን ለምን ትሰቅያለሽ?» ነው የሚለኝ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ውሉን ከፈረምኩ ማንም አይነካኝም፤ ያኔ በድፍረት እጽፈዋለሁ። አንድ ሳምንት ምን አላት?

ሌሊቱን ሁሉ ዘነበ።

ግንቦት 16

ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር አደርገዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሰዉ ገና እየገባ ነበር። ጋሽ ጉግሳ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ካሜራው አጠገብ ቆሟል። ሳሩ ቅርጫቱ ሥር እንደ ትልቅ ምንጣፍ ሆኗል። አቶ ፋንታዬ ለዘበኛው «አንሣው!» አለው። ዘበኛው «ጋሼ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» ብሎ ሄደ። የጽዳት ሴቶቹ መጥረጊያቸውን አስቀመጡ። «አንተ ራስህ አንሣዋ» አለው ጋሽ ጉግሳ እየሳቀ። አቶ ፋንታዬ፣ ያ ጥንቆላ ጥንቆላ ሲል የከረመው ሰውዬ፣ ከረባቱን አስተካከለ። «እኔማ የጨንቻ ልጅ ነኝ። እናቴ ብትሰማ ቤቷ አታስገባኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ምኞት፣ አንቺ የዚህ አገር ሰው አይደለሽም። ላንቺ ሳር ነው። እባክሽ።»

ጋሽ ጉግሳ ሰዓቱን አየ።

አነሣሁት። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ እየሰበሰብኩ። አንድ ሰው እንኳ «ተይ» አላለኝም፤ የሚያወራው ሁሉ ግን አቆመ፤ ያ ሁሉ ሰው የኔን ሳር ማንሣት ሲያዳምጥ ይሰማኝ ነበር። ታቅፌው ሄጄ ጠረጴዛዬ ሥር ከመርኩት። ከመቀመጫዎቹ ላይኛው ረድፍ ሰሊሆም ተቀምጦ አየሁት። አልተነሣም። ከተቀመጠበት አየኝ።

የመጀመሪያው አጋማሽ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ጎን ተቀያየሩ፤ ሁለት ሐይቅ ወደ ጫካው ቅርጫት ማጥቃት ጀመረ። አሮን ከቅርጫቱ ነጥራ የተመለሰችውን ኳስ ሊይዝ ዘለለ። ቆንጆ ዝላይ ነበር፤ ማይኩ ላይ «አሮን! አሮን!» እያልኩ ነበር። ወረደ። ዱም አለ። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ድምፅ አልመጣም።

ሲሚንቶው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። አሮን እስከ ወገቡ ገባ። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ፤ በጆሮ ማዳመጫ የሰማሁት፤ የብዙ ሰዎች ዝቅ ያለ ወሬ፤ አሁን ግን ክፍት በር ላይ እንደቆሙ። ውሃ ነው። ውሃ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሁላችንም አንድ ነገር እስኪለን ቆመን ስናዳምጠው ነበር።

ሰሊሆም ደረጃውን በሦስት እርምጃ ወረደ። «ማንም አይጠጋ!» አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ታዘዘው። ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ሳይመለከተኝ ከእግሬ ሥር ሳሩን በክንዱ አፍሶ፣ በሆዱ ተኝቶ እየተሳበ፣ እያንኳኳ እያዳመጠ፣ ጠንካራው ቦታ ላይ እያነጠፈ ሄደ። «በሳሩ ላይ ብቻ!» ኮች ክብሩና ሁለት ተጫዋቾች በሳሩ ላይ ተሳቡ። አሮንን አወጡት። እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። እየጮኸ አልነበረም። የሰሊሆምን እጅ ይዞ «ሰማሁት፣ ሰማሁት» ይል ነበር።

ግንቦት 17

አሮን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ይራመዳል ብለዋል። ይጫወታል አላሉም።

ጋሽ ጉግሳ ሆቴሉ ጠራኝ። «ሙሉው ቅጂ አንቺ ጋ አለ አይደል? ምን ዓይነት ዕድለኛ ነሽ! ጻፊው፤ ዛሬውኑ።»

ጻፍኩት። የመጀመሪያው ግማሽ የሰሊሆም ሙሉ ቃል ነው። ሁለተኛው ግማሽ የኔ፦ እኔ እንደቆረጥኩት፣ ሽማግሌዎች ተንበርክከው ሳለ እንዳለፍኳቸው፣ ሳሩን በገዛ እጄ እንዳነሣሁት። አንዴም እጄ አልቆመም። ላክሁለት።

ግንቦት 18

ወጣ። «ጀማሪው እውነቱን ነበር፦ ገጻችን አስቀድሞ ያሰማው ድምፅ»።

ሁለተኛው ግማሽ የለም።

ደወልኩለት። «ረዘመብኝ እኮ ምኞትዬ፤ ቦታ የለም። ደግሞ ስላንቺ ማን ያነባል?» ውሉን በኢሜይል እልክልሻለሁ፣ ሰኔ አንድ ወንበርሽ ዝግጁ ነው አለኝ። አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ስልኩን ዘጋሁት።

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡት ነበር። «የቀረውስ?» አሉኝ።

«ቆረጡት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ ሳቡልኝ። «እንግዲህ በአፍሽ ሄደሽ ማድረስ ነው» አሉኝ። ሳሩን በሁለት እጅ እንደሚይዙትና ቀድሜ እንዳልናገር ነገሩኝ። እሳቸው ጉልበታቸው ዳገት አይችልም።

ግንቦት 23

ኦቾሎ ደርሼ ተመለስኩ።

ሳሩን ላንቴ ቦይ ዳር አጨድኩ። በሞተር ሳይክል እስኪያወጡኝ ጫፉ ጠወለገ። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ላይ ነበሩ፤ ነገር የሚያዩበት አደባባይ ነው፤ በእግር ብዛት የለሰለሱ መቀመጫ ድንጋዮች፣ ከታች አባያ ቡናማ ሆኖ ተዘርግቷል። ሰሊሆም ከዳር ቆሟል። ክለቡ ተመለስ ብሎታል፤ «መጀመሪያ ምንጩን ክፈቱለት» ብሎ መልሶላቸዋል አሉ።

ተንበረከክሁ። ቆዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጋሽ ዳልጮ «ተናገር» አሉኝ፤ ለሰሊሆም ደግሞ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ከሽማግሌዎቹ አብዛኞቹ አማርኛ አይሰሙም፤ እሱ ይተረጉማል።

ሁሉንም ተናገርኩ። የቆረጥኩትን፣ ለምን እንደቆረጥኩት፣ ወንበሩን፣ ጫማዬ ሥር የተገኘውን ሳር። በጎን አልነበረም ያለፍኩት፤ እሱንም ተናገርኩ። ስለ አሮን እግር ስደርስ አለቀስኩ፤ ቆሜ እንደገና ጀመርኩ። ሰሊሆም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስክጨርስ ጠበቀ።

ከዚያ ወደ እነሱ ዞረና በጋሞኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። አንድ። አጭር።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ዳልጮ ተነሥተው ሳሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። አለቀ።

ስንወርድ ሰሊሆምን ያዝኩት። «ምን አልካቸው?»

«ያልሽውን።»

«እኔ እኮ ብዙ ነው ያልኩት። ሁሉንም ነገርካቸው?»

ወደ ሐይቁ አየ። «የሚበቃውን ወሰድኩ» አለ።

ዓረፍተ ነገሩን ሳላውቀው በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሞተሩ ላይ እስከ ከተማ ድረስ በከንፈሬ ስደግመው መጣሁ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ኩሽና ናቸው፤ በሩ ክፍት ነው። ጋሞኛ አፍ የፈቱበት ነው፤ ሄጄ ብልላቸው በአንድ ትንፋሽ ይተረጉሙልኛል። አልተነሣሁም። ሊነጋ ሲል ነው የምጽፈው። ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ሰሊሆም ኦቾሎ ነው፣ ኳሷም እሱ ጋ ናት።

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

አራተኛውን እየጠበቅሁ ነው።